ላም አለኝ በሰማይ፦ የፊልቱ ኮምፒውተር አፕዴቱን ከየት ይቅዳ?

«ሲስተም የለም።»

ባለጉዳይን ያለ ጭቅጭቅ ወደ ቤቱ የሚመልስ፣ ከዚህ ያጠረ ዓረፍተ ነገር በዚህ አገር አልተፈጠረም። አዲስ አበባ ላይ ሲባል ሰውየው ይነጫነጫል፣ ታክሲ ይሳፈራል፣ በነጋታው ይመለሳል። ፊልቱ ላይ ሲባል ግን ትርጉሙ ይለያል። ከነገሌ ቦረና ወደ ዶሎ አዶ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ይህች የሊበን ዞን ከተማ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ወደ ቢሮዋ የሚመጣው ሰው ግመሎቹን ለልጅ አደራ ብሎ፣ በጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የደረሰ አርብቶ አደር ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የልጅ ልደት ምዝገባ ነው፣ የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ነው፣ መታወቂያ ነው። «ሲስተም የለም» የሚለው መልስ ለእሱ የአንድ ቀን መጉላላት ብቻ አይደለም። የመኪና ሒሳብ፣ ጠባቂ ያጣ መንጋ፣ ምናልባትም የቀረ እህል ነው።

ጥፋቱ ሁልጊዜ በሁለት ነገሮች ይላከካል፤ በመብራትና በኔትወርክ። ሁለቱም እውነተኛ ችግሮች ናቸው። ሦስተኛው ጥፋተኛ ግን ስሙ አይነሳም። እሱም ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር በምን መንገድ እንዲገባ፣ በምን መንገድ እንዲታደስ፣ ሲበላሽ በምን መንገድ እንዲጠገን የተወሰነበት ወረቀት ነው። ብዙውን ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ጨርሶ አልተጻፈም። ማሽኑ ይገዛል፣ ይራገፋል፣ ፎቶ ይነሳል፤ ከስድስት ወር በኋላ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚጠጣ ግን የጠየቀ የለም።

ጥያቄው አሁን የሚነሳበት ምክንያት አለ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ነፃ የደኅንነት አፕዴት አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና ከተወሰነ ዘመን ወዲህ የተሠራ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ስለዚህ ያረጀ ማሽን የያዘ መሥሪያ ቤት ሁሉ ሦስት መንገድ ይጠብቀዋል። አንድ፣ አዲስ ኮምፒውተር መግዛት። ሁለት፣ በክራክ የተከፈተውን አሮጌ ዊንዶውስ ይዞ፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ከሚዘል ቫይረስ ጋር እየኖሩ፣ በየጊዜው ፎርማት ማስደረግ። ሦስት፣ ወደ ሊኑክስ መሄድ። የውጭ ምንዛሪ ለሚያስጨንቃት አገር ሦስተኛው መንገድ ከባድ ክርክር አያስፈልገውም። ለመንግሥት ሥራም እንግዳ አይደለም፤ የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በሚባል ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፣ ጤና ሚኒስቴር ሪፖርት የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ2ም ክፍት ሶፍትዌር ነው።

ነገር ግን ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ። «ሊኑክስ እንጠቀም» ሲባል ክርክሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። እንዲያውም ለፊልቱ የሚበጀውና የማይበጀው የሚለየው ከዚያ በኋላ ባለው ጥያቄ ነው። የትኛው ሊኑክስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየትኛው የፓኬጅ መሣሪያ?

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ በሊኑክስ ዓለም ፕሮግራም ከየድረ ገጹ እየተለቀመ አይጫንም። ፓኬጅ ማኔጀር የሚባል መሣሪያ አለ። የሚፈለገውን ፕሮግራም ስሙን ይነግሩታል፤ እሱ ከማከማቻው ያመጣል፣ ፊርማውን ይመረምራል፣ ፕሮግራሙ የሚደገፍባቸውን ሌሎች ክፍሎች አሟልቶ ይጭናል፣ በኋላም ያድሳል። የቀድሞው ቤተሰብ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ አፕት፣ በፌዶራና በሬድ ሃት ወገን ዲኤንኤፍ ይባላል። አዲሱ ወገን ደግሞ ሁለት ነው። አንዱ የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል እ.ኤ.አ. በ2016 በኡቡንቱ ላይ ያስገባው ስናፕ ነው። ሌላው ፍላትፓክ ሲሆን ዋና ማከማቻው ፍላትሃብ ይባላል።

ልዩነታቸው በቀላሉ ይህ ነው። አፕት ለሁሉም ፕሮግራሞች የጋራ የሆነውን ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ያመጣና ሁሉም እንዲካፈሉት ያደርጋል። ስናፕና ፍላትፓክ ግን እያንዳንዱን ፕሮግራም ከነስንቁ ያመጡታል። አንድ ዓይነት ክፍል በተለያየ ቅጂ ደጋግሞ ሊገባ ይችላል፤ በምትኩ ፕሮግራሙ ከሌላው ተለይቶ በራሱ አጥር ውስጥ ይሠራል። የዚህ ዋጋ በሜጋባይት ይከፈላል። የፋየርፎክስ የስናፕ ፓኬጅ ብቻውን ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው። ቦሌ ላይ ይህ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ የወረዳ ቢሮ ግን የአንድ ጠዋት ሥራና ከኪስ የወጣ ብር ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ከመጠኑ በላይ የሚያሳስበው የባለቤትነቱ ጉዳይ ነው። ይህን ለማስረዳት ከቆላው ሕይወት የተሻለ ምሳሌ የለም።

በቦረናና በሊበን ምድር ውኃ በሦስት መንገድ ይገኛል። አንዱ ኤላ ነው፤ ሰዎች በረድፍ ቆመው ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበሉ የሚያወጡበት ጥልቅ ጉድጓድ። የቦረና ኤላ ሥርዓት አለው፤ የማጠጣቱን ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለው። ሁለተኛው ቢርካ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉን ተቀብሎ ለበጋ የሚያስቀምጥ ጉድጓድ። ሦስተኛው ቦቴ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም አምስት ተከታታይ የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ ቦቴ የብዙ ሰው ነፍስ አትርፏል። ቦቴ መጥፎ ነው የሚል የለም። ነገር ግን በቦቴ ብቻ ለመኖር የሚያቅድ ከተማ የለም። ቦቴው መቼ እንደሚመጣ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝ፣ መንገዱ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን የሚወስነው ሌላ ሰው ነውና።

አፕት ቢርካ መሥራት ይፈቅዳል። የዴቢያን ማከማቻ የማንም የግል ሱቅ አይደለም፤ ማንኛውም ዩኒቨርሲቲ፣ ማንኛውም ቢሮ ሙሉ ቅጂውን ማስቀመጥ ይችላል፣ ፈቃድም አያስፈልገውም። ዴቢያን በዲቪዲ ምስል ይወጣል፤ አፕት ዲቪዲውን እንደ ማከማቻ ይቀበላል። አፕት ካቸር ኤንጂ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ቢጫን፣ የመጀመሪያው ማሽን ያወረደውን ፓኬጅ አስቀምጦ ለቀሩት ያድላል። ሒሳቡ ቀላል ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ 20 ኮምፒውተሮች አሉ፣ እያንዳንዱም በወር 500 ሜጋባይት አፕዴት ይፈልጋል እንበል። ያለ ቢርካ 10 ጊጋባይት ከውጭ ይቀዳል። ቢርካ ካለ 500 ሜጋባይት ገደማ ይበቃል፤ ቀሪው በግቢው ገመድ ውስጥ ይዞራል።

በአማርኛ ውኃም ይቀዳል፣ ፋይልም ይቀዳል። ቋንቋው ያወቀውን ነገር ቢሮው አላወቀም።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «የተቀዳውን መንገድ ላይ ሰው ቢመርዘውስ?» ብሎ ቢጠይቅ ትክክል ነው። መልሱ ፊርማ ነው። የማከማቻው ዝርዝር በዴቢያን ቁልፍ የተፈረመ ነው፤ ዝርዝሩም የእያንዳንዱን ፓኬጅ አሻራ ይዟል። ፍላሹ በጭነት መኪና ቢመጣ፣ በሦስት ሰው እጅ ቢያልፍ፣ ከውስጡ አንዲት ፊደል ብትቀየር አፕት አልቀበልም ይላል። አመላላሹን ማመን አያስፈልግም ማለት ነው። ለሩቅ ከተማ ከዚህ የሚበልጥ ነፃነት የለም።

ስናፕን እንመልከት። ፓኬጆቹ እነሱም የተፈረሙ ናቸው፤ ያንን መካድ አይቻልም። ነገር ግን የስናፕ ሱቅ አንድ ነው፣ ባለቤቱም ለንደን ላይ የተቀመጠ አንድ ኩባንያ ነው። የሱቁ አገልጋይ ሶፍትዌር ዝግ ነው፤ ጂግጂጋ ዩኒቨርሲቲ ወይም ቡሌ ሆራ ዩኒቨርሲቲ የራሱን ነፃ የስናፕ ማከማቻ እንደ ዴቢያን ቅጂ አቁሞ ለአካባቢው ላድል ቢል መንገዱ አልተሠራለትም። ኩባንያው ለድርጅቶች ያዘጋጀው ማገናኛ አለ፤ እሱም ቢሆን በኩባንያው ዘንድ መመዝገብን ይጠይቃል። ስናፕ በራሱ ልማድ በቀን አራት ጊዜ ወደ ሱቁ እየሄደ አዲስ ነገር ይፈልጋል። ይህንን ማስቆም ይቻላል፤ ግን ማስቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። የወረዳው ሠራተኛ ጠዋት የገዛው ዳታ እስከ ምሳ ያለቀው በምን እንደሆነ ሳያውቅ ቢቀር አይፈረድበትም።

ከዚህም የከፋው ነገር በኡቡንቱ 22.04 ላይ ታይቷል። ባለሙያው በአፕት ፋየርፎክስን ጫን ብሎ ቢያዝ፣ የሚመጣለት ባዶ መሸጋገሪያ ፓኬጅ ነው፤ እሱም ስናፑን ከሱቁ ያስወርዳል። ቢርካው ላይ ባልዲ ጣለ፤ ባልዲው ግን ከቦቴ ተሞልቶ ወጣ። ቦቴው ካልመጣ ባልዲው ባዶ ነው። የሊኑክስ ሚንት ሰዎች ይህንን አካሄድ በክሮሚየም ላይ ገና ሲጀመር አይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ሚንት 20 ስናፕ ከጀርባ በር እንዳይገባ ዘግተዋል። የፋየርፎክስ ባለቤት ሞዚላም እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ የራሱን የአፕት ማከማቻ ከፍቷል። ችግሩ የፊልቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች አይደክሙም ነበር።

የአንድ በር አደጋ በወሬ የሚነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 ጊትሃብ በአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት በኢራን፣ በሶሪያና በክሪሚያ ያሉ ተጠቃሚዎችን አገልግሎት ገድቧል። ፕሮግራመሮቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ የተቀመጡበት ቦታ ብቻ በቂ ሆነ። ነገ የትኛው አገር ምን እንደሚገጥመው ማንም አያውቅም። ቢርካ ያለው ግን ቢያንስ ለአንድ በጋ ይሰነብታል።

አሁን ተቃዋሚዎች የሚሉትን በቅንነት መስማት ያስፈልጋል፤ ጠንካራ ነገር ይላሉና።

«አፕት አርጅቷል፤ ያረጀ ሶፍትዌር ይሰጣል» ይላሉ። እውነት ነው፣ የዴቢያን የተረጋጋ ስሪት በሁለት ዓመት ገደማ አንዴ ይወጣል፤ በመሃል የደኅንነት ጥገና እንጂ አዲስ ጌጥ አያመጣም። ግን የወረዳ ቢሮ ምን ይፈልጋል? ደብዳቤ መጻፊያ፣ ሠንጠረዥ፣ ማሰሻ፣ ማተሚያ። ለሶማሊኛው የላቲን ፊደል፣ ወደ ፌዴራል ለሚላከው ደብዳቤ ደግሞ የግዕዝ ፊደል። ሊብረኦፊስም፣ አቢሲኒካ የተባለው የግዕዝ ፊደልም፣ የአማርኛ መጻፊያውም በዚያው ማከማቻ ውስጥ አሉ። መዘግየትም አንዳንዴ ያድናል። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም ኤክስዜድ በሚባል የፋይል መጭመቂያ ውስጥ ሆን ተብሎ የተቀበረ የጀርባ በር ተጋለጠ። አንድ መሐንዲስ መግቢያው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየቱ አስገርሞት ነው የደረሰበት። መርዙ ወደ ዴቢያን የሙከራ ስሪቶች ገብቶ ነበር፤ የተረጋጋው ስሪት ግን አልተነካም። ለአዲስ ነገር የሚሮጡት ቀድመው ደረሱ፤ ቀድመውም ጠጡ።

«ስናፕና ፍላትፓክ ፕሮግራሙን በአጥር ውስጥ ያስቀምጡታል፤ አፕት ግን ሲጭን ሙሉ ሥልጣን አለው» ይላሉ። ይህም እውነት ነው። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ የአፕት ፓኬጅ ማሽኑን ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ መሆን አለበት፤ ከተፈረመው ማከማቻ ውጪ ምንም አይጫንም። አጥሩም ቢሆን ሁሉን አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በስናፕ ሱቅ ውስጥ በጨዋታ ስም የተደበቀ የክሪፕቶ ማዕድን ቆፋሪ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ደግሞ ከዚያው ሱቅ የሐሰት የክሪፕቶ ቦርሳ ያወረደ ሰው 9 ቢትኮይን ተዘርፏል። አጥር ያለው ቤት ውስጥ ሌባውን በእጅ ይዞ ለሚያስገባ ሰው አጥሩ ምን ያደርግለታል?

ፍላትፓክ ግን ለብቻው ይታይ። ማከማቻው አንድ ብቻ እንዲሆን አያስገድድም፤ ማንም የራሱን መክፈት ይችላል። የተጫነን ፕሮግራም ወደ ፍላሽ አውጥቶ ኢንተርኔት ወደሌለው ማሽን የሚወስድ ትእዛዝም አለው። ከባድ ነው፣ ግን ቢርካ ይቀበለዋል። አፕት ውስጥ በእርግጥ የሌለ ወይም በጣም ያረጀ አንድ ሁለት ፕሮግራም ሲያስፈልግ ፍላትፓክ ትክክለኛ ተጨማሪ ነው። ዋናው ምሰሶ ግን መሆን የለበትም።

«ፋይበር ይገባል፣ ሳተላይት ይመጣል፣ ይህ ሁሉ ጭንቀት ያልፋል» የሚሉም አሉ። ይህንን ተስፋ አገሪቱ ታውቀዋለች። ከሃያ ዓመት በፊት ወረዳኔት ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር አገናኝቶ ነበር፤ ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025ም በ2012 ዓ.ም ጸድቋል። መስመር መዘርጋቱ ይደገፋል። ነገር ግን በዚያው ዓመት፣ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ገደማ ኢንተርኔት በአገር አቀፍ ደረጃ ተቋርጦ ነበር። ያኔ ፋይበር ያለውም የሌለውም እኩል ሆነ። ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ሊቋረጥ የሚችል ነገር መሆኑን ያላሰበ ዕቅድ ዕቅድ አይባልም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንደተባለው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉም ይከብዳል፤ «ቢርካውን ማን ይጠብቀዋል?» ያልጸዳ ቢርካ በሽታ ነው። በኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። የዴቢያን የደኅንነት ማከማቻ ዝርዝር የአገልግሎት ቀን ተጽፎበታል፤ በሳምንት ገደማ ያልታደሰ ቅጂ ሲገጥመው አፕት ጊዜው አልፏል ብሎ ይቆማል። ባለሙያው ይህንን መቆጣጠሪያ አውቆ ሊያልፈው ይችላል፤ ካለፈው ግን የያዘው ቅጂ መቼ እንደተቀዳ መዝግቦ መያዝ አለበት። ስለዚህ አፕት ያለ አባ ሄሬጋ አይሆንም። ስም ያለው፣ ደመወዝ ያለው፣ በየሳምንቱ ቅጂውን ማደስ የሥራ መደቡ ላይ የተጻፈለት ሰው ያስፈልጋል። ይህ ወጪ ነው። ነገር ግን ለአፕዴት የሚፈሰው ዳታ፣ ለፎርማት የሚወጣው ብር፣ የባለጉዳዩ የመኪና ሒሳብ ሲደመር ወጪው አሁንም አለ፤ የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው የተለየው። አሁን የሚከፍለው አርብቶ አደሩ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሚጠየቀው ትልቅ ነገር አይደለም።

የዴቢያን ወይም ሌላ በአፕት የሚሠራ የተረጋጋ ስሪት ሙሉ ቅጂ በአገር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲዎችን በሚያገናኘው የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ ላይ፣ ለሕዝብ አገልግሎት ግዴታ ሆኖ ይቀመጥ። ከዚያ የተቀዳ ቅጂ በየዞኑ ከተማ አንድ ማሽን ላይ ይኑር፤ ኔትወርክ ሲኖር በኔትወርክ፣ ሳይኖር በሃርድ ዲስክ ይታደስ። ፊልቱ ከነገሌ ትቅዳ፣ ነገሌ ስትቸገር ከፊልቱ ትቅዳ፤ የክልል ወሰን ለፓኬጅ ምኑም አይደለም። ስናፕ ከከተማ ውጪ ባሉ የመንግሥት ማሽኖች ላይ ከመነሻው ይዘጋ፤ የሚያስፈልገው ቢሮ ካለ ምክንያቱን ጽፎ ይክፈት።

በየጨረታው ሰነድ ላይ ደግሞ አንድ ጥያቄ ይጨመር፦ «ይህ ኮምፒውተር ለ90 ቀናት ኢንተርኔት ባያገኝ በምን ይጫናል፣ በምን ይታደሳል፣ በምን ይጠገናል?» መልስ የሌለው አቅራቢ አይለፍ። ጥያቄውን ያልጻፈ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያ በኋላ በመብራትና በኔትወርክ አያሳብብ።

በአውሮፓ ቢሮ ውስጥ አፕት ይሻላል ስናፕ የሚለው ክርክር የባለሙያዎች የምሳ ሰዓት ጨዋታ ነው። ፊልቱ ላይ ግን የጭነት መኪና ሒሳብ ከፍሎ የመጣ ሰው ዛሬ ወረቀቱን ይዞ ይመለሳል ወይስ ባዶ እጁን የሚለው ጥያቄ ነው። የሊበን እረኛ ዝናብ ከመምጣቱ በፊት ቢርካውን ይጠርጋል። ቢሮክራሲው ይህንን ከእሱ ለመማር የውጭ አማካሪ መቅጠር አያስፈልገውም።